ጥርሱ የወለቀ ሂስቶግራም

ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና የሚሰበስቡ አንድ ነጋዴ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። እያንዳንዱ ገበሬ ምን ያህል ጀንፈል ቡና እንዳስረከበ ለዓመታት በደብተር ሲጽፉ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት የወንድማቸው ልጅ ደብተሩን ኤክሴል ላይ ገልብጦ እኔ ጋ ይዞት መጣ። "በግራፍ አሳየን" አለኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈትኩ። በ10 በ10 ኪሎ መደብኩና ሂስቶግራም ሳልኩ።

የወጣው ነገር ማበጠሪያ ነው የሚመስለው። ያውም ጥርሱ የወለቀ ማበጠሪያ። ከ10 እስከ 20 ኪሎ ያስረከበ ሰው ሞልቷል። ከ20 እስከ 30 ማንም የለም። ከ30 እስከ 40 አለ። ከ40 እስከ 50 ባዶ። 50ዎቹና 60ዎቹ ጢም ብለዋል፤ 70ዎቹ ላይ ግን ድርሽ ያለ ሰው የለም።

ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። እኔም ፋይሉን ጠረጠርኩ። መቼም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ሥራ አይደለም። ፋይሉ ደህና ነበር። ጉዱ ያለው እኔ የመረጥኳት 10 ላይ ነው።

ሂስቶግራም ምን እንደሚሠራ ከሥሩ እንየው። ቁጥሮች አሉን። በተርታ የተደረደሩ ዕቃዎችም አሉን። እያንዳንዱን ቁጥር ለእሱ በሚሆነው ዕቃ ውስጥ እንጥላለን፣ በየዕቃው ስንት እንደገባ እንቆጥራለን፣ በዚያ ልክ አምድ እናቆማለን። በቃ። ፕሮግራመሮች ዕቃውን ቢን ይሉታል። እኔ ቁና ነው የምለው። ቃሉ ያረጀ ቢመስልም ሥራው አንድ ነው። ሂስቶግራም የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ካርል ፒርሰን ነው፤ በ1895 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ይገኛል።

ጅማ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከቁና የተሻለ ምሳሌ አለ፦ የቡና ወንፊት። ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ፍሬውን በተደራረቡ ወንፊቶች ሲነፉት አይታችሁ ይሆናል። ላይኛው ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የወንፊቱ ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በኢንች 64ኛ ይነግራችኋል። ቁጥር 14 ማለት 14 ለ64 ኢንች ነው፣ ወደ 5.56 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቁጥር 18 ደግሞ 7.14 አካባቢ። ነፍታችሁ ስትጨርሱ በየወንፊቱ ላይ የቀረውን ብትመዝኑ ሂስቶግራም ሠርታችኋል ማለት ነው፣ ያውም ያለ ኮምፒውተር።

ግን ልብ በሉ። ወንፊቱን ሲነፉ የፍሬው ትክክለኛ መጠን ይጠፋል። ቁጥር 15 አልፎ 14 ላይ የቀረ ፍሬ ሁሉ ያው "14" ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይታወቅም። ቀዳዳዎቹን የመረጠው ደግሞ ቡናው አይደለም፣ ሰው ነው። ሌላ ወንፊት ብታመጡ ያው ቡና ሌላ መልክ ይሰጣችኋል።

ይህን በእጃችን እንሞክረው። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ፈተና ወስደው እንዲህ አመጡ እንበል፦ 38፣ 41፣ 44፣ 47፣ 49፣ 50፣ 51፣ 53፣ 58፣ 62፣ 66፣ 71። ወረቀት ያዙ።

ከ30 ጀምረን በ10 በ10 እንስፈር። 30ዎቹ ውስጥ 1፣ 40ዎቹ ውስጥ 4፣ 50ዎቹ ውስጥ 4፣ 60ዎቹ ውስጥ 2፣ 70ዎቹ ውስጥ 1። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጉብታ ነው። አሁን ስፋቱን ሳንነካ መነሻውን ብቻ ወደ 35 እናምጣው። ከ35 እስከ 45 ሦስት ሰው፣ ከ45 እስከ 55 አምስት ሰው፣ ከ55 እስከ 65 ሁለት፣ ከ65 እስከ 75 ሁለት። ጠፍጣፋው አናት ጠፋ፣ ሹል ጫፍ መጣ፣ በስተቀኝ ደግሞ ጭራ ወጣ። አንድም ተማሪ ውጤቱ አልተቀየረም።

አሁን ወደ 50ዋ እንመለስ። 50 ያመጣው ልጅ የትኛው ቁና ውስጥ ይገባል? ከ40 እስከ 50 ወይስ ከ50 እስከ 60? እኔ ከላይ ሳልነግራችሁ ወደ ላይኛው አስገባሁት። ወደ ታችኛው ባስገባው ኖሮ ቆጠራው 1፣ 4፣ 4፣ 2፣ 1 መሆኑ ቀርቶ 1፣ 5፣ 3፣ 2፣ 1 ይሆን ነበር። ድንበሮቹ እነዚያው ናቸው፣ ስፋቱም ያው ነው። የድንበሩ ላይ ሰው የማን እንደሆነ ብቻ ነው የተለወጠው። ማለፊያው 50 በሆነበት ክፍል ይህ ተራ ነገር አይደለም። "ከ50 በታች ስንት ናቸው?" ብሎ ለሚጠይቅ መምህር አንድ ልጅ አለፈ ወይ ወደቀ ማለት ነው።

ወንፊት ላይ ይህን የሚወስነው የእጃችሁ ንቅናቄ ነው። ልክ በቀዳዳው መጠን ያለ ፍሬ ሲፈልግ ያልፋል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ነፃነት የለውም። አንድ ደንብ ይይዛል፣ በደንቡ ይሄዳል። ችግሩ ሁሉም መሣሪያ አንድ ደንብ አለመያዙ ነው።

ነምፓይ የሚባለው የፓይተን የቁጥር መሣሪያ ድንበር ላይ ያለን ቁጥር ወደ ላይኛው ቁና ይልካል። መጨረሻ ላይ ግን ልዩ አስተያየት ያደርጋል፤ የመጨረሻው ቁና ሁለቱንም ድንበሮቹን ይይዛል። ስለዚህ ከ0 እስከ 100 ስትሰፍሩ 100 ያመጣው ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም። ግራፍ የሚስለው ማትፕሎትሊብም ከሥር የሚጠቀመው ነምፓይን ስለሆነ ያው ነው።

ሌላው የፓይተን መሣሪያ ፓንዳስ ተቃራኒው ነው። ከት የሚባለው ፈንክሽን፣ ካልነገራችሁት በቀር፣ ድንበር ላይ ያለውን ወደ ታችኛው ቁና ይጨምራል። ስለዚህ ድንበሮቹን 0፣ 50፣ 100 ብላችሁ ብትሰጡት 50 ያመጣው ከታችኞቹ ጋር ይደባለቃል። 0 ያመጣው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ቁና አያገኝም። ስሕተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይተውለታል። ይህን ለማስተካከል ብላችሁ ራይት የሚለውን ቅንብር ፎልስ ብታደርጉት 0 ይተርፋል፣ 100 ይጠፋል። የክፍሉ ሰቃይ ከግራፉ ተባረረ ማለት ነው። እኔ የመጨረሻውን ድንበር 101 አድርጌ ነው የምገላገለው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ለሲኒየር ጽሑፋቸው መረጃ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን የምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለዚህ ይህ ነው፦ አምዶቹ ተደምረው ስንት ይሆናሉ? 240 ሰው ጠይቃችሁ አምዶቹ ተደምረው 237 ከሆኑ ሦስት ሰው የሆነ ድንበር ላይ ወድቋል፣ ወይም ከድንበር ውጭ ነው። ነምፓይም ከሰጣችሁት ድንበር ውጭ ያለውን ቁጥር ምንም ሳይናገር ነው የሚጥለው። መደመር አምስት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። ማንም አያደርገውም።

ከዚህ ሁሉ የምታናድደው ደግሞ የነጥብ ቁጥር ናት። የቡና ፍሬ በ0.1 ግራም በ0.1 ግራም ልመድብ ብላችሁ ድንበሮቹን ኮምፒውተሩ እንዲሠራ ብታዙት ሦስተኛው ድንበር 0.3 አይሆንም። 0.30000000000000004 ነው የሚሆነው። ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ ስለሚያስብ 0.1ን ልክ አድርጎ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ በሦስት ሲያባዛው ትንሽ ያልፋል። ሚዛኑ ላይ 0.3 ያሳየች ፍሬ ከዚያች ድንበር በኢምንት ታንሳለችና ታችኛው ቁና ውስጥ ትገባለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ግራሙን ትታችሁ በሚሊግራም ሥሩ። 100፣ 200፣ 300። ሙሉ ቁጥር አያጭበረብርም።

እሺ፣ ወደ ሀጂ እንመለስ።

ማበጠሪያውን ይዤ ልጁን ተከትዬ መጋዘን ሄድኩ። ጀንፈሉ ሽታው ገና ከበሩ ነው የሚቀበላችሁ። ሀጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ላፕቶፑን አዩት።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"የእርስዎ ደብተር ነው ሀጂ።"

"የኔ ደብተር እንዲህ ገጣጣ ነው?"

ከመሄዴ በፊት አንድ ብልሃት አስቤ ነበር። ክፍተቶቹ የመጡት ቁናው ስለጠበበ ነው፣ ላስፋው ብዬ። እውነትም በ20 በ20 ኪሎ ስሰፍረው ክፍተቶቹ ጠፉ። ደስ አለኝ። ማበጠሪያውን ዘግቼ አዲሱን ግራፍ ከፈትኩላቸው። ከ100 እስከ 120 ኪሎ ላይ አንድ አምድ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ጉብ ብሏል። እኔም ምሁር ሆኜ አብራራሁ። "ይኸውልዎት ሀጂ፣ እነዚህ ሰፋ ያለ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው፣ ለብቻቸው ቡድን ናቸው" አልኳቸው።

ሀጂ ቁጥሩን እያዩ በጣታቸው ይቆጥራሉ። "100 ኪሎ ስንት ፈረሱላ ነው?" አሉ።

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ደብተሩ የተጻፈው በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ የቡና ገበያ ሁሉ የሚያውቀው። ልጁ ኤክሴል ላይ ሲገለብጥ ለእኔ እንዲመቸኝ ብሎ ሁሉንም በ17 አባዝቶታል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች 17፣ 34፣ 51፣ 68፣ 85፣ 102፣ 119፣ 136 እያሉ ነው የሚሄዱት። በመካከላቸው ምንም የለም። ሊኖርም አይችልም።

አሁን በ10 ስፋት ያለው ቁና ምን እንደሚያደርግ እዩ። 17 ከ10 እስከ 20 ውስጥ ይወድቃል። 34 ከ30 እስከ 40 ውስጥ። በመካከል ያለው ከ20 እስከ 30 ማንም አያርፍበትም። 51ም 68ም የየራሳቸውን ያገኛሉ፣ 70ዎቹ ይዘለላሉ፣ 85 ይመጣል፣ 90ዎቹ ይዘለላሉ። የማበጠሪያው ጥርስ እንዲህ ነው የወለቀው። ከ17 የጠበበ ቁና ከየትም ቢጀምር መንገዱ ላይ ባዶ ማግኘቱ አይቀርም።

የ20ው ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ጤነኛ ይመስላል። ከ0 እስከ 20 ውስጥ 17 ብቻ አለ። ከ20 እስከ 40 34 ብቻ። እንዲህ አንድ አንድ እየያዘ ይሄድና ከ100 እስከ 120 ላይ ሲደርስ 102ንም 119ንም አንድ ላይ ይውጣል። ሁለት ፈረሱላ በአንድ ቁና። በእርግጥም አምዱ ከፍ ይላል! "ለብቻቸው ቡድን ናቸው" ያልኳቸው ገበሬዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር የእኔ ቁና ብቻ ነበር። ማበጠሪያው ቢያንስ "አንድ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ይጮኻል። ይሄኛው አፉን ዘግቶ ይዋሻል።

መፍትሔው ስፋቱን 17 ማድረግ ነው፣ መነሻውንም እያንዳንዱ ፈረሱላ መሐል ላይ እንዲያርፍ መምረጥ። ቢንስ የሚለው ቦታ ላይ አንድ ቁጥር መስጠቱን ትቼ የድንበሮቹን ዝርዝር ሰጠሁት፦ 8.5፣ 25.5፣ 42.5፣ 59.5፣ 76.5 እያለ የሚሄድ። 17 ከ8.5 እና ከ25.5 እኩል ይርቃል። ድንበር ላይ የሚወድቅ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ የነምፓይና የፓንዳስ ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል።

"ታዲያ ትክክለኛውን ስፋት የሚመርጥ ቀመር የለም?" የሚል ይኖራል። አለ፣ ሞልቷል። የታወቀው አንጋፋው የስተርጅስ ነው፣ በ1926 የወጣ። የቁጥሮቻችሁን ብዛት 2 ስንት ጊዜ ራሱን ቢያባዛ እንደሚደርስበት አይቶ 1 ይጨምርበታል። ለ100 ቁጥር 8 ቁና ያህል ይሰጣል፣ ለ1,000 ደግሞ 11። ለአንድ ሚሊዮን ቁጥር እንኳ 21 ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለዚያ ሁሉ መረጃ ንፉግ ነው። አር የሚባለው ቋንቋ ካልነገራችሁት ከዚህ ነው የሚነሳው። የስኮት ቀመር በ1979፣ የፍሪድማንና የዲያኮኒስ ደግሞ በ1981 መጣ። የኋለኛውን እኔ እወደዋለሁ፣ በጥቂት በተጋነኑ ቁጥሮች ስለማይደናገጥ። መረጃውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፣ መሐል ላይ ያለው ግማሽ ከየት እስከ የት እንደተዘረጋ ለኩ፣ በ2 አባዙ፣ ለቁጥሮቹ ብዛት ኪዩብ ሩት አካፍሉ። 1,000 ቁጥር ካላችሁና መሐለኛው ግማሽ 20 ኪሎ ላይ ከተዘረጋ፣ 40 ሲካፈል ለ10፣ ስፋቱ 4 ኪሎ ነው። ነምፓይን "አውቶ" ብትሉት የስተርጅስንና የእነ ፍሪድማንን አስልቶ ጠበብ ያለውን ስፋት ይወስዳል።

ምንም ካላላችሁት ግን ነምፓይ 10 ቁና ይሰጣችኋል። ለምን 10? ጣታችን 10 ስለሆነ ካልሆነ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። አር ላይ ያለው ጂጂፕሎት ደግሞ 30 ይሰጥና "የተሻለ ምረጥ" ብሎ ማስታወሻ ይጽፍላችኋል። ይህን ማስታወሻ እወድለታለሁ።

ቀመሮቹ ሁሉ አንድ ነገር ይገምታሉ፦ ቁጥሮቹ የትም ሊያርፉ ይችላሉ ብለው። ስለ ፈረሱላ አያውቁም። የእነ ፍሪድማን ቀመር 512 ገበሬ ቢሰጠው፣ መሐለኛው ግማሽም 51 ኪሎ ላይ ቢዘረጋ፣ 102 ለ8 አካፍሎ 12.75 ይላል። ከ17 ያንሳል። ማበጠሪያው ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው፣ አሁን ደግሞ በሳይንስ ተደግፎ።

ስለዚህ ከቀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት "ይህን ቁጥር ማን፣ በምን ለካው?" ነው። ዕድሜን ውሰዱ። በሀገራችን የሕዝብ ቆጠራዎች ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች በጣም ይበዛሉ። የተወለዱበትን ዓመት በወረቀት ያልያዙ አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ስትጠይቋቸው "ስልሳ ይሆነኛል" ነው የሚሏችሁ፣ 58 ወይም 61 አይሉም። ዕድሜን በ1 በ1 ዓመት ብትስሉት 30 ላይ ምሰሶ፣ 31 ላይ ጉድጓድ፣ 35 ላይ ደግሞ ምሰሶ ታያላችሁ። በ3 በ3 ዓመት ብትስሉት አንዳንዱ ቁና ምሰሶ ያገኛል፣ አንዳንዱ አያገኝም፣ ያው የእኔ ማበጠሪያ ነው። በ5 ሲሆን ሁሉም አንድ አንድ ምሰሶ ይደርሰዋል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ማጠጋጋት የሚለኩበት ዊፕል የሚባል መለኪያ አላቸው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ይወስዳል፤ 100 ከሆነ ማጠጋጋት የለም፣ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ተናግሯል ማለት ነው።

ቁናዎቹ እኩል ካልሆኑስ? ይህን ለማስረዳት ከጳጉሜ የተሻለ ነገር የለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር የዓመት ገቢውን በየወሩ ቢስል 12 ረጃጅም አምዶችና አንድ ድንክ ያገኛል። ጳጉሜ ላይ ሥራ ሞተ? የለም፣ ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። ቁናዋ ትንሽ ስለሆነች ነው ትንሽ የያዘችው። ገቢውን ለቀኖቹ ብዛት ሲያካፍል ድንኳ ከእህቶቿ ትስተካከላለች። ሶፍትዌሮቹ ዴንሲቲ የሚሉት ቅንብርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ቁመቱን ለስፋቱና ለጠቅላላ ድምሩ አካፍሎ የየአምዱ ቁመት በስፋቱ ተባዝቶ ሲደመር 1 እንዲሆን ያደርገዋል። ያ ሹፌር ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለበት። የኮምፒውተሩ ቀን የሚቆረጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ የአንድ ሌሊት ገቢው ለሁለት ቀን ተከፍሎ ይጻፍለታል።

በሳምንቱ የ17ቱን ግራፍ ይዤ ሀጂ ጋ ተመለስኩ። ክፍተት የለም፣ የ100 እና የ120 ጉብታም የለም። ሦስትና አራት ፈረሱላ ላይ ግን ሁለት አምዶች ከሁሉም በላይ ተነስተዋል። ይሄን ጊዜ አፌን ዘግቼ ዝም አልኩ። ከዚያ በፊት ቁናውን አጥብቤም አስፍቼም፣ መነሻውንም ገፍቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም።

ሀጂ መነጽራቸውን አወረዱና ጠጋ አሉ።

"ይሄማ አህያ ነው" አሉ።

"እንዴት ሀጂ?"

"አንድ አህያ የሚሸከመው ይሄን ያህል ነዋ። ገበሬው አንድ አህያ ካለው ሦስት፣ አራት ፈረሱላ ጭኖ ይመጣል።" ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ይሄን ለማወቅ ነው ሳምንት የፈጀብህ?"